የጦር መርከብ ጉብኝት የሕግ አውጪዎችን ድምፅ ይለውጣል ወይ?

ዘባሕር (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ወገኖች። የጦር መርከብ ወዳጅ አገር ወደብ ሲገባ በዜና የምናየው ሰንደቅ ዓላማ፣ ነጭ የለበሱ ባሕረኞችና የማርሽ ባንድ ነው። ጋዜጠኞቹ ከሄዱ በኋላ ማታ በመርከቡ ወለል ላይ ግብዣ ይደረጋል። እዚያ ከሚጠሩት ሚኒስትሮችና አምባሳደሮች ይልቅ እኔን የሚስቡኝ የምክር ቤት አባላቱ ናቸው፤ በተለይ የመከላከያና የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ አባላት። በጀት የሚያጸድቁት፣ ስምምነት የሚቀበሉት ወይም የሚጥሉት እነሱ ናቸው። ጋባዡም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መርከብ የሕግ አውጪን ልብ የሚያገኘው ተጋባዡ «አይሆንም» ማለት እንደሚችል ሁለቱም ወገኖች ሲያውቁ ነው። ለፎቶግራፍ ብቻ የተጠራ እንደራሴ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል፤ ጉዳዩ ወደ ምክር ቤት ሲመጣ ያ ምሽት ትዝም አይለው።

አንድ የቆየ ታሪክ ላንሣ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዲሴምበር 1907 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ነጭ ቀለም የተቀቡ 16 ታላላቅ የጦር መርከቦችን ዓለምን እንዲዞሩ ከቨርጂኒያ ላኩ። የሴኔቱ የባሕር ኃይል ኮሚቴ ሰብሳቢ ዩጂን ሄል ገንዘቡን እንከለክላለን ብለው ነበር። ሩዝቬልት ግን መርከቦቹን እስከ ፓስፊክ የሚያደርስ ገንዘብ በእጃቸው እንዳለ፣ መመለሻውን ምክር ቤቱ ሊያስብበት እንደሚችል ነገሯቸው። መርከቦቹ ሄዱ፤ መመለሻውም አልጠፋም።

ከዚህ ይልቅ የሚደንቀኝ የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር የአልፍሬድ ዲኪን ብልሃት ነው። ያን ጊዜ የአውስትራሊያ የውጭ ግንኙነት በለንደን እጅ ነበር። ዲኪን ግን የብሪታንያን ፈቃድ ሳይጠብቁ መርከቦቹ ወደ አገራቸው እንዲመጡ ለአሜሪካኖች ግብዣ ላኩ። በኦገስት 20 ቀን 1908 መርከቦቹ ሲድኒ ሲገቡ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ወጥቶ ተቀበላቸው። ዲኪን የራሳቸው ባሕር ኃይል እንዲኖራቸው ይፈልጉ ነበርና የእንግዳውን መርከብ ለገዛ ፓርላማቸውና ለገዛ ሕዝባቸው አሳዩበት። የባሕር ኃይል መከላከያ ሕጉ በ1910 ወጣ፤ በኦክቶበር 1913 ደግሞ የአውስትራሊያ የራሷ መርከቦች ተሰልፈው ሲድኒ ወደብ ገቡ። ከጎብኚው ይልቅ የተጎበኘው አተረፈበት ማለት ነው።

በምትኖሩበት አገር ያያችሁትን ጻፉ። በተለይ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገላችሁ አባቶች ካላችሁ እባካችሁ ዝም አትበሉ።

ሰናይ ከስቶክሆልም

ዘባሕር፣ ጥሩ ርዕስ ነው ያነሣኸው። እኔ የማውቀው የስዊድኑን ነው። ስዊድን ኔቶ ለመግባት በሜይ 18 ቀን 2022 አመለከተች። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ የአሜሪካው የማረፊያ ጦር መርከብ ኪርሳርጅ ስቶክሆልም ወደብ ቆሞ ነበር። በጁን 4 ጠቅላይ ሚኒስትር ማግዳሌና አንደርሶንና የአሜሪካ ጦር ኃይሎች ኤታ ማዦር ሹም ጄኔራል ማርክ ሚሊ መርከቡ ላይ ቆመው መግለጫ ሰጡ። እንዲህ ያለ ግዙፍ የአሜሪካ መርከብ እዚህ ከተማ ማየት የተለመደ አልነበረም። ሰዉ ልጆቹን ይዞ ሊያይ ይወጣ ነበር።

የመርከቡ መልእክት የተላከው ለማን ነበር? ማመልከቻ ገብቶ አባልነት እስኪጸድቅ ባለው ጊዜ የጋራ መከላከያው አንቀጽ 5 ስዊድንን አይሸፍንም። ስለዚህ አንደኛው መልእክት ለሞስኮ ነው፤ ሁለተኛው ለስዊድን ሕዝብና ፓርላማ፣ «ብቻችሁን አይደላችሁም» የሚል። ሦስተኛው ደግሞ ለሠላሳዎቹ አባል አገሮች ምክር ቤቶች ነው፤ እያንዳንዳቸው ማጽደቅ ነበረባቸውና።

የአሜሪካ ሴኔት በኦገስት 3 በ95 ለ1 አጸደቀ። የቱርክ ፓርላማ ግን እስከ ጃንዋሪ 23 ቀን 2024 አቆየው፤ የሃንጋሪ እስከ ፌብሩዋሪ 26። እነዚህን ሁለቱን ያላላቸው መርከብ አይመስለኝም። የቱርክ ፓርላማ ባጸደቀ በሦስተኛው ቀን አሜሪካ የኤፍ 16 ተዋጊ አውሮፕላን ሽያጩን ፈቀደች። ሃንጋሪም ድምፅ ልትሰጥ ሦስት ቀን ሲቀራት ከስዊድን ተጨማሪ አራት ግሪፐን አውሮፕላኖች ለመግዛት ተስማማች። እኔ የምለው፣ መርከብ የፈራውን ያበረታል፤ የሚደራደረውን ግን አያንቀሳቅሰውም።

ደጋ ሰው

ሁላችሁም በጨዋ ቋንቋ ነው የምታወሩት። የጦር መርከብ መድፍና ሚሳይል የተሸከመ ነገር ነው። አንድ ትንሽ አገር ወደብ ላይ እንዲህ ያለ ብረት ሲቆም የዚያ አገር እንደራሴ ምን ያህል ነፃ ሆኖ ነው የሚያስበው? ዘባሕር «አይሆንም ማለት ሲችል» ትላለህ፤ መርከቡ የሚመጣው ያን ቃል ከአፉ ለማስቀረት ቢሆንስ?

የሚዙሪን ታሪክ ተመልከቱ። በዋሽንግተን የቱርክ አምባሳደር የነበሩት ሙኒር ኤርቴጉን በ1944 ዐረፉ። አስከሬናቸው በኤፕሪል 1946 ኢስታንቡል የገባው ጃፓን እጅ መስጠቷን በፈረመችበት በዚያው በሚዙሪ የጦር መርከብ ነው። ለሟች ክብር ነው ተባለ፤ ክብርም ነበር። ግን ሶቪየት ኅብረት በቱርክ የባሕር ወሽመጦች ላይ ጫና በምታደርግበት ሰዓት ያን የሚያህል መርከብ የሚላከው ለቀብር ብቻ አይደለም። በማርች 1947 ፕሬዚዳንት ትሩማን ኮንግረሱ ፊት ቀርበው ለግሪክና ለቱርክ 400 ሚሊዮን ዶላር ጠየቁ። መርከቡ ቀድሞ ሄደ፣ የሕግ አውጪዎቹ ድምፅ ተከተለ። የሁለቱም አገር ሕዝብ ወኪሎች የተጠየቁት መንገዱ ከተጀመረ በኋላ ነው። እኔ ይህን ወዳጅነት ብዬ ለመጥራት ይከብደኛል።

ዘባሕር

ደጋ ሰው፣ ያነሣኸው ነጥብ የዋዛ አይደለም። እንዲያውም ላጠናክርልህ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እንደራሴዎችን፣ የወዳጅ አገሮችንም ጭምር፣ በባሕር ላይ ወዳለ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ይወስዳል። ለብዙ ዓመታት ያመላለሳቸው ሲ 2 ግሬይሃውንድ የሚባለው አውሮፕላን ነው። ወንበሮቹ ወደ ኋላ የዞሩ ናቸው፤ መስኮት የለም ማለት ይቻላል። ተሳፋሪው የራስ ቁርና የጆሮ መከላከያ አድርጎ፣ በወንበሩ ተጠፍሮ፣ የሚያርፍበትን ሳያይ ይቀመጣል። ከዚያ በአውሮፕላኑ ጭራ ያለው መንጠቆ በመርከቡ ላይ የተወጠረውን የብረት ገመድ ይይዝና በሁለት ሴኮንድ ገደማ ያ ሁሉ ፍጥነት ይቆማል፤ ሰውየው በጀርባው ከወንበሩ ጋር ይጣበቃል። የኋላው በር ሲከፈት የነዳጅ ሽታ፣ የጄት ጩኸት፣ ባለ ቀለም ሹራብ የለበሱ የሃያ ዓመት ልጆች እየሮጡ ሲሠሩ ያያል። እንዲህ ያለ ቀን ያሳለፈ እንደራሴ ስለ ባሕር ኃይል በጀት ሲጠየቅ ያን ቀን አይረሳውም።

ይህ ማባበል ነው ወይ? አዎ፣ ማባበል አለበት። ነገር ግን የምታጸድቀውን ነገር በዓይንህ ማየትም ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው እንደራሴው ሲመለስ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው እላለሁ።

ከዌሊንግተን

ኒውዚላንድ ሳትነሣ ይህ ክር ጎዶሎ ይሆናል። ደጋ ሰው፣ ትንሽ አገር «አይሆንም» ስትል ምን እንደሚከተል እዚህ ታየዋለህ።

በ1984 የጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት መልዱን ፓርቲ በምክር ቤቱ የነበረው ብልጫ የአንድ መቀመጫ ብቻ ነበር። ማሪሊን ዌሪንግ የተባሉት የራሳቸው ፓርቲ ወጣት እንደራሴ በኑክሌር ጉዳይ ከፓርቲዬ ጋር አልሰለፍም አሉ። መልዱን በጁን 14 ማታ ድንገተኛ ምርጫ ጠሩ፤ ልክ በወሩ ተሸነፉ። የሌበር ፓርቲው ዴቪድ ሎንጊ ሥልጣን ያዙ፤ ፓርቲያቸው ኑክሌር የያዘ መርከብ ወደባችን አይገባም ብሎ ነበር የተመረጠው።

አሜሪካ ቡካነን የተባለ አጥፊ መርከብ እንዲገባ ጠየቀች። ቡካነን ያረጀ፣ በእንፋሎት የሚሠራ መርከብ ነው፤ በኑክሌር ኃይል አይሄድም። የኑክሌር መሣሪያ ጭኖ እንደሆነ ግን ዋሽንግተን «አለም የለምም አንልም» የሚለውን ደንቧን አልለቀቀችም። ጥያቄው ሲታይ ሎንጊ ቶከላው የሚባሉትን ሩቅ ደሴቶች ለመጎብኘት ሄደው ስለነበር ነገሩን ያዩት ምክትላቸው ጄፍሪ ፓልመር ናቸው። የሕግ ሰው ናቸውና መርከቡ መሣሪያ እንዳልጫነ እርግጠኛ መሆን አይቻልም አሉ። በፌብሩዋሪ 1985 መልሱ «አይገባም» ሆነ። አሜሪካ በ1986 በአንዙስ፣ ማለት በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድና በአሜሪካ የጋራ መከላከያ ውል፣ ለኒውዚላንድ የነበረባትን ግዴታ አቋረጠች። የኒውዚላንድ ፓርላማ ደግሞ በ1987 ክልከላውን ሕግ አደረገው።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የሕጉን አሠራር ነው። በስም የተጠቀሰ አገር የለም። በኑክሌር ኃይል የሚሄድ መርከብ መግባት ክልክል ነው። ለሌላው የጦር መርከብ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ የኑክሌር መሣሪያ እንደማይዝ ራሳቸው ካመኑ ብቻ ይፈቅዳሉ። ይህ ማለት ዋሽንግተን ምስጢሯን መናገር የለባትም፤ የኒውዚላንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ግን ለሕዝብ ተጠያቂ ሆነው መፍረድ አለባቸው። በ2016 የኒውዚላንድ ባሕር ኃይል 75ኛ ዓመት ሲከበር አሜሪካ ሳምፕሰን የተባለውን መርከብ ላከች፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ኪ በሕጉ መሠረት ፈቀዱ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የአሜሪካ የጦር መርከብ አልመጣም ነበር። በዚያው ሳምንት በኖቬምበር 14 ካይኩራ አካባቢ መጠኑ 7.8 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ፤ መንገዱ ተቆረጠ፣ ሰው መውጫ አጣ። ሳምፕሰን ወደዚያ ዞሮ ሄሊኮፕተሮቹን ለእርዳታ ሰጠ። እዚህ ያለ ሰው ስለዚያ መርከብ የሚያስታውሰው ይህን ነው።

ሕጉ አልተነካም፤ ዛሬም እንዳለ ነው። እንግዳው በባለቤቱ ሕግ ገባ።

የምጽዋው መርከበኛ

ልጆቼ፣ አባቶች ዝም አትበሉ ስለተባለ ነው የምጽፈው።

እኔ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ባሕር ኃይል ውስጥ ነበርኩ። ዛሬ የኤርትራ በሆነችው ምጽዋ በየዓመቱ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር ጃንሆይ ይመጡ ነበር፤ የወዳጅ አገሮች የጦር መርከቦችም ይመጡ ነበር። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ በኋላም የሶቪየት። በዚያ ቀዝቃዛ ጦርነት በሚባል ዘመን የአሜሪካና የሶቪየት መርከብ በአንድ ወደብ ጎን ለጎን መልሕቅ ጥለው ማየት ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ከምጽዋ በቀር ያን ሊያዩ የሚችሉበት ቦታ ብዙ አልነበረም።

እኛ ተራ ባሕረኞች የምናውቀው ሥራውን ነው። ከቀናት በፊት ናሱን እስኪያበራ እንወለውላለን፣ ወለሉን በውሃና በብሩሽ እንፈትጋለን፣ ከመርከቡ አፍንጫ እስከ ጭራው የምልክት ባንዲራዎች በገመድ እንሰቅላለን። ማታ ሸራ ተወጥሮ አምፖል ይበራል። እንግዶቹ በጀልባ ሲመጡ መርከቡ መሰላል ሥር አንድ ሰው ቆሞ እጃቸውን ይይዛል፤ ባለ ረጅም ቀሚስ ወይዘሮዎች በዚያ የብረት ደረጃ ሲወጡ ማዕበሉ ጀልባዋን ከፍ ዝቅ ያደርጋታል፤ ከፍ ባለችበት ቅጽበት «አሁን!» ብሎ መሳብ ነው። እኔ ያን ሥራ ሠርቻለሁ። ዋናው መርከባችን «ኢትዮጵያ» ራሷ በ1962 ከአሜሪካ የመጣች ነበረች፤ የቀድሞ ስሟ ኦርካ ነው። በቀይ ባሕርና በፋርስ ባሕረ ሰላጤ የሚዘዋወረው የአሜሪካ ጓድ ባንዲራ ተሸካሚዎች ነጭ የተቀቡ የእሷው ዓይነት መርከቦች ነበሩ። ሲመጡ እህቶቿ መጡ እንል ነበር።

በኋላ በስደት ሳለሁ ነው ሌላውን ወገን ያነበብኩት። በ1970 የአሜሪካ ሴናተር ስቱዋርት ሳይሚንግተን የሚመሩት ንዑስ ኮሚቴ አገራቸው በውጭ የገባችውን ቃል ሲመረምር የኢትዮጵያ ጉዳይ ቀረበ። ለካ በ1960 አሜሪካ 40,000 ሠራዊት ለማስታጠቅ ለጃንሆይ መንግሥት ቃል ገብታ ኖሯል፤ ሴናተሮቹ ግን የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ተቆጡ። እኛ ምጽዋ ላይ ያን ሁሉ ዓመት መርከብ ስንቀበል፣ እዚያ ገንዘቡን የሚያጸድቁት ሰዎች ቃሉን ሳይሰሙ ኖረዋል። በፌብሩዋሪ 1977 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳይረስ ቫንስ ሴኔት ቀርበው በሰብአዊ መብት ምክንያት የኢትዮጵያ እርዳታ እንደሚቀነስ ሲናገሩ ያ ግንኙነት የሚደገፍበት ሰው አጣ። ደርግ በኤፕሪል በአስመራ የነበረውን የአሜሪካኖች የመገናኛ ጣቢያ ቃኘውንና የአሜሪካ ወታደራዊ ቢሮዎችን ዘጋ።

የደርግ ጭካኔ ምክንያቱ መሆኑን አልክድም። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ግብዣ ላይ አድሚራሎች ነበሩ፣ መሳፍንት ነበሩ፤ ነገሩን በሕዝብ ፊት ተከራክሮ «ይህ ቃል የእኔም ነው» የሚል የሕዝብ ወኪል ግን ከእነሱም ከእኛም ወገን አልነበረበትም።

ሕግ አንባቢ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህን ከእርስዎ አፍ መስማት ከመጽሐፍ ይለያል።

ለከዌሊንግተን የዴንማርኩን ልጨምር። በኤፕሪል 1988 የዴንማርክ ፓርላማ መንግሥት ለሚጎበኝ ለእያንዳንዱ የጦር መርከብ «በወደባችን የኑክሌር መሣሪያ ክልክል ነው» ብሎ እንዲያሳውቅ ወሰነ። ጠቅላይ ሚኒስትር ፖል ሽሉተር የኔቶ አባልነታችንን አደጋ ላይ ይጥላል ብለው በሜይ ምርጫ ጠሩ። ከምርጫው በኋላ የተገኘው መፍትሔ በደብዳቤው አጻጻፍ ላይ ነበር፤ እንግዳው የአገሩን ደንብ ያከብራል ተብሎ እንደሚታመን የሚገልጽ ማስታወሻ፣ መርከቡን ግን የማይጠይቅ። በሁለት ዓረፍተ ነገር አጻጻፍ ምክንያት አገር ምርጫ ገባ። በመርከብ ጉብኝት ጉዳይ የሕግ አውጪ ሥልጣን እስከዚህ ሊደርስ ይችላል።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደሚያጸድቅ ይደነግጋል። በማርች 2019 ፕሬዚዳንት ማክሮን አዲስ አበባ መጥተው ፈረንሳይ የኢትዮጵያን ባሕር ኃይል መልሶ በማቋቋም እንደምትረዳ ተስማምተው ነበር። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሁሉ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ጋሼ ያሉት ጥያቄ ሊነሣ ይገባዋል፦ ቃሉ ምንድን ነው፣ ለስንት ጊዜ ነው፣ ማን ያውቀዋል?

ደጋ ሰው

የጋሼን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። እኔ መርከቡን ነበር የምፈራው፤ እርሳቸው ያሳዩኝ ደግሞ ከመርከቡ ኋላ በዝግ የሚፈረመውን ወረቀት ነው። ሁለቱንም እፈራለሁ። ከዌሊንግተን ያልከው ሕግ ያለው አገር ግን ሁለቱንም መቆጣጠር እንደሚችል አሳይቶኛል። ይሁንና ኒውዚላንድ ከዓለም ጥግ የምትገኝ፣ ጎረቤት የማያስፈራት አገር ናት። አጠገቡ ጠላት ያለበት አገር እንዲህ ሊዳፈር ይችላል?

ከኦስሎ

ደጋ ሰው፣ ለጥያቄህ ኖርዌይ መልስ ትሆናለች፤ ሩሲያ ጎረቤቷ ናት፣ ድንበር ትጋራታለች። በሜይ 2023 የአሜሪካው ጄራልድ ፎርድ፣ የዓለማችን ትልቁ አውሮፕላን ተሸካሚ፣ ኦስሎ ፍዮርድ ገባ። የሩሲያ ኤምባሲ ጎጂ ነው ብሎ ተቃወመ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግን፣ በጁን 2022፣ የኖርዌይ ፓርላማ ከአሜሪካ ጋር የተደረገውን ተጨማሪ የመከላከያ ትብብር ስምምነት ተከራክሮበት አጽድቆ ነበር። ያን ጊዜ የጸደቀው ስምምነት አሜሪካኖች የሚጠቀሙባቸውን ቦታዎች በስም ይዘረዝር ነበር፦ ሪጌ፣ ሶላ፣ ኤቬነስና የራምሱንድ የባሕር ኃይል ጣቢያ። የተቃወሙ ፓርቲዎች ነበሩ፤ ተቃውሟቸውን በቃለ ጉባኤ አስፍረዋል። በሰላም ጊዜ የኑክሌር መሣሪያ በኖርዌይ ምድር አይቀመጥም የሚለው የቆየ አቋምም አልተነሣም።

እዚህ ቅደም ተከተሉ ከሚዙሪ ተቃራኒ ነው፤ መጀመሪያ ድምፅ ተሰጠ፣ ቀጥሎ መርከብ መጣ። መርከቡን ለማየት ወደ ዳርቻው የወጣው ሰው የሚደግፈውም የሚቃወመውም ስምምነቱ ውስጥ ምን እንዳለ ማንበብ ይችል ነበር። እኔም ከማይደግፉት አንዱ ነኝ፤ ሰነዱን ግን አንብቤዋለሁ።

ዘባሕር

ከኦስሎ፣ ይህ ለብቻው ክር ይገባዋል። የፓርላማውን ክርክር ዋና ዋና ነጥቦች፣ በተለይ ተቃዋሚዎቹ ያነሷቸውን፣ ወደ አማርኛ መልሰህ ብትከፍትልን አብረንህ እንወያያለን። ሰናይ፣ ስዊድንም በኋላ ከአሜሪካ ጋር ተመሳሳይ ስምምነት ስላደረገች አንቺም የዚያን አምጪልን።

ጋሼ መርከበኛው፣ የእርስዎ ጉዳይ የተለየ ነው። የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር የነበረውን፣ የመርከቦቹን ስም፣ የባሕር ኃይል ኮሌጁን ተመራቂዎች ሰልፍ፣ ማን ከማን አጠገብ ይቆም እንደነበር በሚመችዎ ጊዜ በክፍል በክፍል ቢጽፉልን፣ እኔ በኮምፒውተር እየለቀምኩ አስተካክዬ አወጣዋለሁ። መጻፍ ካደከመዎ በድምፅ ይላኩልኝ።